ኋላ ማርሽ ያስገባው ኮከብ

የኃይለገብርኤል የቀኝ ዓይን ሞራ የተገፈፈው የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ሐኪሟ ሦስት ነገር ከለከለችው፤ ጎንበስ ማለት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና ዓይኑን ማሸት። ሚስቱ አልጋነሽ ከራሷ አራተኛ ጨመረችበት፤ ቴሌቪዥን። አልጋነሽ ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናትና የከለከለችውን ነገር ምክንያት ማስረዳት ትችልበታለች። ኃይለገብርኤል ደግሞ ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለሆነ፣ ከትራፊክ ፖሊስና ከአልጋነሽ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ያውቃል።

ስለዚህ በየምሽቱ እራት ከተበላ በኋላ፣ ቂርቆስ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሁለት ወንበር አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ። በረንዳው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። አልጋነሽ ግራ ዓይኑን በመዳፏ ትሸፍንና አዲሱን ዓይን ትፈትነዋለች።

«በርቀት ምን ይታይሃል?»

«ክሬን።»

«ስንት?»

«ሦስት። አንደኛው ጫፉ ላይ መብራት አለው።»

«ከክሬኖቹ በላይስ?»

በገና ማግስት ምሽት ከክሬኖቹ በላይ ሁለት ነጫጭ ኮከቦች ጎን ለጎን ታዩት። ከእነሱ ሥር፣ ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ፣ ፍም የመሰለ ቀይ ኮከብ ነበር። አልጋነሽ ቀና ብላ አየችና «ልክ ነህ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ፈተናው ሁሌ በእነዚህ በሦስቱ ሆነ።

በከተራ ዕለት ምሽት፣ የመዝሙር ድምፅ ከሩቅ እየመጣ ሳለ፣ ኃይለገብርኤል «ዛሬ ተሰልፈዋል» አላት።

«እነማን?»

«ሦስቱ ናቸዋ። ቀዩ ወደ ላይ ወጥቶ ከሁለቱ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል።»

«ኃይልዬ፣ ኮከብ እንዲህ ቦታውን አይለቅም።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

አልጋነሽ ሰማዩን አላየችም። ያየችው የባሏን ዓይን ነው። የገባለት ሌንስ ሸርተት ብሎ ይሆን እንዴ ብላ ሐሳብ ያዛት፤ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነሥታ ተኝቶ እያሸው እንዳይሆን አየችው። ጥምቀት እንዳለፈ ታክሲ አሳፍራ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ሐኪሟ ወሰደችው። ሐኪሟ በመሣሪያዋ አገላብጣ አየችና ሳቅ አለች።

«ዓይናቸው በጣም ጥሩ ነው። እንዲያውም መመርመር ካለበት የእርስዎን ብናየው ይሻላል» አለቻት።

ሲመለሱ ኃይለገብርኤል ታክሲው ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አልኩሽ አይደል ቢላት ይቀላት ነበር፤ ዝም ማለቱ ከነከናት። የዚያን ዕለት ምሽት ሳትፈትነው ቀድማ ቀና አለች። ቀዩ ኮከብ ከሰልፉ ወጥቶ ለቀኙ ነጭ ኮከብ ጎረቤት ሆኗል። ከቤት ገብታ ባለካሬ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ወጣች። ስምንት ምሽት በተከታታይ ነጥብ አደረገች። ቀዩ ነጥብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ሁለቱን ነጮች በስተላይ እያለፈ ሄደ።

ቀዩ ኮከብ ሳይሆን ማርስ መሆኑ አሁን ገባት። ፕላኔት በኮከቦች መሀል እንደሚንቀሳቀስም ታውቃለች፤ አስተምራዋለች። ያስተማረችው ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ይሄኛው የሚሄደው ወደ ምዕራብ ነው፣ ያውም ሳያፍር። አሮጌውን መማሪያ መጽሐፍ ከካርቶን አውጥታ ገጹን አገላበጠች። ወደ ኋላ ስለሚሄድ ፕላኔት አንድም መስመር አልተጻፈም።

መጽሐፉን ስትዘጋ ነው ሙክታር ትዝ ያላት።

በሚሌኒየሙ ዓመት፣ በ2000፣ ካዛንቺስ በምታስተምርበት ጊዜ፣ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ሰጥታ ነበር። አንድ የተፈጥሮ ነገር መርጣችሁ ከአንድ ወር በላይ ተከታተሉና ያያችሁትን ሳሉ፣ ጻፉ የሚል ነው። የሚበዛው ባቄላ አበቀለ። አንዱ ድመት ተከታተለ። ሙክታር የሚባል ቀጭን ልጅ ግን የኮከብ ሥዕል የተለጠፈበት ደብተር አመጣ። በየገጹ ሁለት ነጫጭ ኮከቦችና አንድ ቀይ ነበሩ። ቀዩ መጀመሪያ ወደ ሁለቱ ሲጠጋ ሲጠጋ ይቆይና፣ ቆሞ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። አልጋነሽ ደብተሩን በክፍሉ ፊት ከፍ አድርጋ ያዘችው። ምን ነክቷት እንደነበር አሁን አታስታውስም፤ ምናልባት ስድሳ ስምንት ተማሪ የነበረበት ክፍል ደክሟት ይሆናል።

«ሙክታር፣ ለኮከቡ ኋላ ማርሽ አስገባህለት እንዴ?» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጥታ «ከራስ አይፈጠርም» ብላ ጻፈችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ኋላ ማርሽ ተባለ። እጁን ማውጣትም ተወ።

አልጋነሽ ወረቀቷን ይዛ በረንዳው ላይ ብዙ ቆየች። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ሰማይ አስተምራለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ሰማዩን ቀና ብላ አላየችውም።

በማግስቱ ከስልኳ ላይ ስታነብ ዋለች። ምሽት ላይ ለኃይለገብርኤል ልታስረዳው ሞከረች። መሬት ለፀሐይ ቀረብ ባለው መንገድ ስለምትዞር ፈጣን ናት፤ ማርስ ከውጭ በኩል ረጅሙን መንገድ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በየሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ ገደማ መሬት ትደርስበትና ትቀድመዋለች፤ እያለች ክብ በክብ ላይ ስትሥል ወረቀቱ ተዘበራረቀ።

«ሲኖትራክ ነው በይኛ» አለ ኃይለገብርኤል።

«ምን?»

«ወደ አዳማ እየሄድኩ ከፊቴ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ አለ እንበል። ልቀድመው ወጣሁ። ጎኑ ላይ ስደርስ በመስኮት አየዋለሁ፤ ከጀርባው በሩቅ ዝቋላ ይታያል። መኪናው ወደ ፊት እየሄደ ነው፣ ጎማው ሲዞር አያለሁ። ግን ከተራራው ጋር ሳስተያየው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። ሹፌሩ ኋላ ማርሽ አላስገባም። እኔ ነኝ የቀደምኩት።»

«ተራራው እነዚያ ሩቅ ያሉት ኮከቦች ናቸው» አለች አልጋነሽ በቀስታ።

«እንግዲህ የአንቺን አላውቅም። የእኔ ዝቋላ ነው።»

አልጋነሽ ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ሙክታር ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ «ፈልጊው» ነው ያላት።

ካዛንቺስ የነበረው የድሮ ሰፈራቸው ሲፈርስ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ የሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ግን ከዚያ ወዲህ ነው ይበልጥ የደመቀው። ግሩፑን የከፈተችው ሄኒ የምትባል የድሮ ተማሪዋ ናት። አልጋነሽ «ሙክታር የሚባል የ2000 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጻፈች። ሁለት ቀን ሙሉ መልስ የሰጠ የለም። በሦስተኛው ቀን እያፈረች «ኋላ ማርሽ ይባል የነበረው» ብላ ጨመረች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው መለሰ። መስቀል ፍላወር አካባቢ ጎሚስታ ከፍቷል አሏት።

ጎሚስታው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደረው አሮጌ ጎማ ከሩቅ ይታያል። ሙክታር የአንዲት ቪትዝ ጎማ ከቸርኬው እያላቀቀ ነበር። ቀና ሲል አልጋነሽን አያት፣ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ቲቸር አልጋነሽ?»

እጁን ግራሶ ነክቶት ስለነበረ ክንዱን ዘረጋላት፣ ለኃይለገብርኤልም እንደዚያው። በተደራረቡ ጎማዎች ላይ ካርቶን አንጥፎ አስቀመጣቸው። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው «ኋላ ማርሽ፣ ስትጨርስ የእኔን እይልኝ» ብሎ ተጣራ። ሙክታር እጁን አነሣለት። አልጋነሽ አንገቷን ደፋች።

«ሙክታር፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። በኮከቡ ነገር። ያመጣኸው ሥዕል ልክ ነበር። ዘንድሮ እኔው ራሴ አየሁት። በልጆች ፊት አሳፈርኩህ፣ ሳላጣራ።»

ሙክታር እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። የጠረገውን መልሶ ጠረገው።

«ቲቸር፣ ማለቴ... በቃ እውነቱን ልንገርዎት። እኔ አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ኮከቡን። ሥዕሉ የእህቴ ነው፣ የጁወይሪያ።»

ከዚያ ሳይቆም ተናገረ፤ ብዙ ጊዜ ይዞት የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። በዚያ ዓመት ጁወይሪያ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና እግሯ ተሰብሮ እስከ ጭኗ ጄሶ ታስሮላት ነበር። አልጋዋን መስኮት ሥር አደረጉላት። እግሯ ሲጠዘጥዛት እንቅልፍ ስለማይወስዳት ያንን ቀይ ኮከብ በየቀኑ ትሥለው ጀመር። ሙክታር ወሩን ኳስ ሲጫወት ጨርሶ፣ የቤት ሥራው የሚሰበሰብበት ቀን ሲደርስበት፣ ለቲቸር አሳይልሻለሁ ብሎ ሥዕሎቹን ወሰደባት። ደብተሩ ላይ ለጥፎም በራሱ ስም አስገባ።

«እርስዎ ደብተሩን ከፍ ሲያደርጉት የተያዝኩ መሰለኝ። "ከራስ አይፈጠርም" ብለው ሲጽፉ ደግሞ፣ በቃ፣ አውቀውብኛል አልኩ። ቤት ስገባ ቲቸር ምን አሉ አለችኝ። ውሸት ነው ብለዋል አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። መጋረጃውን ዝጉልኝ አለች።»

አልጋነሽ ይቅርታዋን ተሸክማ የመጣችው ለማይገባው ሰው ነው፤ ሆኖም ሰውየውን ልትቆጣው አልሆነላትም፣ ፊቱ ላይ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ቁጭ ብሎ ይታያታልና።

«አሁን የት ናት?» ሲል ጠየቀ ኃይለገብርኤል።

«ደምበል ሕንፃ ውስጥ ሞባይል ትጠግናለች፣ ጋሼ።»

«የዛሬ ሳምንት እሁድ ማታ ይዘሃት ና» አለች አልጋነሽ። «አንተ የራስህን ትነግራታለህ፣ እኔ የራሴን።»

«ቲቸር፣ ትገድለኛለች።»

«አትገድልህም።»

«አያውቋትም እኮ።»

እሁዱ የካቲት አሥራ ስድስት፣ የዐቢይ ጾም ቅበላ ላይ ዋለ። በሌላው ዓመት አልጋነሽ በዚያ ቀን ቤቱን በሥጋ ወጥ ታጥናለች። ዘንድሮ እንግዶቿ እንዲበሉላት ዓሣ ጠበሰች፣ ዓሣ ጉላሽም ሠራች። ጁወይሪያ ከወንድሟ ቀድማ ደረጃውን በሩጫ ጨርሳ ገባች። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። ለምን እንደተጠራች አልተነገራትም፤ የወንድሜ አስተማሪ ናቸው ተብላ ነው የመጣችው። እራቱ እስኪቀርብ የአልጋነሽ ስልክ ቻርጅ እንደማይዝ አየችና፣ መርፌ ተቀብላ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀውን አቧራ አወጣችላት። ስልኩ ቻርጅ መያዙን ሦስት ጊዜ ሰክታ ነቅላ አረጋገጠች።

በዚያን ጊዜ ቀዩ ኮከብ በምሽት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ከበረንዳው አይታይም፣ የላይኛው ፎቅ ይጋርደዋል። እራት ሲያበቃ አራቱም ወደ ጊቢው፣ መኪኖች ወደሚቆሙበት ወረዱ። አልጋነሽ በጣቷ አሳየቻት፤ ሁለቱ ነጮች እነዚያ፣ ቀዩም ያውልሽ። ጁወይሪያ ቀና ብላ ማየት ጀመረች። ሙክታር ስለ ሥዕሎቹ መናገር ጀመረ።

ሲነግራት አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አልጋነሽ ቀጠለች።

«ያየሽው እውነት ነበር። ልክ እንደሣልሽው ነው ያደረገው። ውሸት ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ። ይቅር በይኝ።»

ጁወይሪያ ዓይኗን ከሰማዩ አላነሣችም።

«ያኔ ማታ ማታ የሕመም መድኃኒት ይሰጡኝ ነበር» አለች። «መድኃኒቱ ነው እንደዚህ የሚያሳየኝ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ነገር አላምንም። አንድ ስልክ ከፍቼ ሦስቴ ሳላይ አልዘጋም። ደንበኞቼ ጥንቁቅ ናት ይሉኛል። ጥንቃቄ እንዳልሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።»

አልጋነሽ እጇን ያዘቻት። ጁወይሪያ እጇን ሳታስለቅቅ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አንተ። ኋላ ማርሽ የሚሉህ ለምንድን ነው ስልህ፣ ኳስ ስጫወት ወደ ኋላ ስለምሮጥ ነው አልከኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አምኜሃለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ኃይለገብርኤል ነው፣ ሆዱን ይዞ። ከዚያ አልጋነሽ። ጁወይሪያ ላለመሳቅ ከንፈሯን ብትነክስም አልቻለችም። ሙክታር ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር። እህቱ አየችው፣ ትከሻውን በቡጢ መታ አደረገችው፤ የእነሱ ይቅርታ እንግዲህ ያ ነው።

«ግን ኮከቡ ለምንድን ነው የሚመለሰው?» አለች።

አልጋነሽ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ኃይለገብርኤል ቀደማት። ወረቀት አያስፈልግም አለ። መሀል ላይ የቆመችውን ነጭ መኪና ፀሐይ አደረጋት። ሙክታርን ማርስ ብሎ በአጥሩ ጥግ ጥግ ቀስ እያለ እንዲዞር አዘዘው። ጁወይሪያን መሬት አድርጎ ከመኪናዋ ቀረብ ባለው መንገድ ፈጠን እያለች በዚያው አቅጣጫ እንድትዞር ነገራት። «ዓይንሽን ከወንድምሽ አታንሺ። ከጀርባው በሩቅ ያሉትን የፎቅ መብራቶች እይ፤ በየትኛው መብራት ላይ እንዳለ ጮክ ብለሽ ንገሪን።»

መዞር ጀመሩ። የጊቢው ዘበኛ ከወንበሩ ተነሥቶ አያቸው፤ ከየበረንዳው ሰው አንገቱን አወጣ። በመጀመሪያው ዙር ጁወይሪያ ከቆመ ሞተር ሳይክል ጋር ተጋጨች። በሁለተኛው ስትደርስበት ዘገየችና ተበላሸ። በሦስተኛው ግን ድምፅዋ እየፈጠነ መጣ።

«ወደ ግራ እየሄደ ነው... ቢጫው መብራት ላይ ነው... ቀስ አለ። ቆመ። ሙክታር፣ አትቁም።»

«አልቆምኩም እኮ» አለ ሙክታር እየተራመደ።

«ቆመሃል። አሁን ወደ ቀኝ እየተመለስክ ነው። ቢጫውን አለፍከው።» እግሯ ሳያቋርጥ ጎኑ ደረሰች፣ አለፈችው፣ አንገቷን አዙራ በዓይኗ ትከተለው ጀመር። «አሁን ደግሞ ቆመ። አሁን እንደገና ወደ ግራ ሄደ።»

መኪናዋን ተደግፋ ትንፋሽዋን ሰበሰበች።

«አልተመለሰም» አለች። «ጭራሽ አልተመለሰም። እኛ ነን ያለፍነው።»

አልጋነሽ በዚህ ሁሉ የማስተማር ዘመኗ እንደዚህ የገባው ተማሪ ስንት ጊዜ እንዳየች ለማስታወስ ሞከረች። ጥቂት ናቸው። ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ እሱም ሠርቶ እንደጨረሰ ሰው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«ማርስ ነገ ይቆምና ከዚያ ወደ ቀድሞ መንገዱ ይዞራል ይላል፣ አንብቤያለሁ» አለቻት።

«ያነበቡትን አልጠላሁም፣ ቲቸር» አለች ጁወይሪያ ሰማዩን እያየች። «ግን እኔው ራሴ ነኝ የማየው።»

ረመዳን ከገባ አሥር ቀን ገደማ ሆኖት ሙክታር ምሽት ላይ ደወለ።

«ቲቸር፣ ሰላም ነዎት? ጾሙን ችዬዋለሁ። ይሄን ግን አልቻልኩትም።»

«ምን ሆንክ?»

«ካፈጠርን በኋላ ጁወይሪያ በየማታው ጣሪያ ላይ ታወጣኛለች። ባትሪ ያዝ፣ ሰዓት መዝግብ፣ ትንፋሽህን ዋጥ፣ ወረቀቱ ተንቀሳቀሰ ትለኛለች። ሰውዬው ዞሯል እኮ፣ አይተነዋል፣ ወደ ሁለቱ እየተመለሰ ነው። በቃ አይደል? እርስዎን ትሰማለች፣ እባክዎ ይበቃሻል ይበሉልኝ። ማለቴ፣ እስከ መቼ ነው የሚታየው?»

«ክረምቱ ገብቶ ደመና እስኪሸፍነው።»

ከሙክታር ጀርባ የጁወይሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ስልኩን አስቀምጥና ባትሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ግራውን ነጭ እየሣልኩ ነው ትላለች። እሱ ክንዴ ዛለ ይላታል። እሷ፣ ጎማ ስታነሣ አይዝልብህም ወይ ትለዋለች። አልጋነሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በእሷና በኃይለገብርኤል መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባልና ሚስቱ ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ብዙ ቆይተው አዳመጡ።